ቆመን የቀደምንበት ውድድር

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ከኮንቴነር ጋር ስውል፣ ባሕር ላይ ስላሳለፍኳቸው ዓመታት የሚጠይቀኝ ሰው እምብዛም አልነበረም። ዘንድሮ ግን ባሕር ዳር ሄደው የመርከብ ሙያ ለመማር ያሰቡ ሁለት የሰፈራችን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ያስወሩኝ ጀመር። ከሁሉ ይበልጥ የሳባቸው የመርከቡ ሥራ ሳይሆን የሸራ ጀልባ ውድድሩ ነው። እንግሊዝ አገር ደቡብ ዳርቻ በኖርኩበት ጊዜ፣ ከአንድ የደሴ ልጅ ጋር ሆነን፣ ስድስት ሰው በሚይዝ የዘጠኝ ሜትር ጀልባ ላይ ሁለት የውድድር ወቅት ተሰልፌያለሁ። ጓደኛዬ ሸራ ይስብ ነበር፤ የእኔ ድርሻ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት እየቆጠርኩ ለካፒቴኑ መናገር ነበር።

ቦታው ሶለንት ይባላል፤ በዋናው ምድርና በዋይት ደሴት መካከል ያለ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ነው። በፈረንጆች 1851 አሜሪካ የተባለችው ጀልባ በዚያች ደሴት ዙሪያ የእንግሊዝን ጀልባዎች ቀድማ ዛሬ በስሟ የሚጠራውን ዋንጫ የወሰደችው እዚያ ነው። በዚያ መተላለፊያ ውሃው ስድስት ሰዓት ያህል ወደ ምሥራቅ ይተምና ከዚያ ዞሮ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚወስድ፣ ዛሬ ያየኸው ሰዓት ነገ አይሠራም። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ ባለፉ በሁለተኛው ቀን አካባቢ ፍሰቱ ይበረታል፤ በምዕራቡ ጠባብ በር ላይ በሰዓት ከአራት የባሕር ማይል በላይ ይሮጣል። የእኛ ጀልባ ደግሞ በቀላል ነፋስ ከዚያ በላይ አትሄድም ነበር።

ሸራ ጀልባ ፊት ለፊት ወደሚመጣ ነፋስ በቀጥታ መሄድ አይችልም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐረጎ የወጣ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም፤ ተራራውን በፊት ለፊት ስለማይደፍረው መንገዱ ግራና ቀኝ እየተጣመመ ይወጣል። ጀልባውም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ ሐረጎ ባለበት ይቆያል፤ እዚያ ግን አንተ ስትጣመም መንገዱ ራሱ ከሥርህ ወደ ኋላ ይሄዳል።

የመጀመሪያውን ውድድር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት የሚነግረው ሠንጠረዥ የሚታተመው በግሪንዊች ሰዓት ሲሆን፣ በእነሱ በጋ ግን የሰው ሁሉ ሰዓት በአንድ ሰዓት ይቀድማል። እኔ ደግሞ ከልማድ የተነሣ ማስታወሻዬን በእኛ አቆጣጠር ነበር የምይዘው፤ ስድስቱን ሰዓት ስቀንስ አንዷን መጨመር ረሳሁ። ስለዚህ ውሃው ወደ ምዕራብ የሚዞረው 11፡40 ነው ብዬ ጻፍኩ፤ የሚዞረው ግን 12፡40 ነበር። ካፒቴኑ እኔን አምኖ ጀልባዋን ወደ መካከለኛው ጥልቅ ውሃ አስገባት፤ ውሃው ከኋላ ቢገፋን ኖሮ ትክክለኛው ቦታ ያ ነበር። ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በአማርኛ፣ «ስማማ፣ ይሄ ቡይ ጥሎን እየሄደ አይደለም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከባሕሩ ሥር ወለል ጋር የታሰረው ቢጫ ተንሳፋፊ ምልክት፣ ቡዩ፣ ወደ አንድ ወገን ዘምሞ፣ ከኋላው እንደ ሞተር ጀልባ አረፋ እየጎተተ ወደ ፊታችን ያልፍ ነበር። የሚሄደው እሱ አይደለም፤ ወደ ኋላ የምንሄደው እኛ ነን።

ከስህተቱ የባሰው ዝምታዬ ነበር። ቡዩ መዝመሙን ከሃያ ደቂቃ በፊት አይቻለሁ። ነገር ግን ካፒቴኑ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ፤ ወሎ ያደገ ሰው ደግሞ የትልቅ ሰው ውሳኔ ላይ ዘሎ አይገባም። ወደብ ስንመለስ የነገሩኝ አጭር ነው፦ ያየሁትን ቁጥር ጮክ ብዬ እንድናገር፣ ውሳኔውን ለእሳቸው እንድተው። የእኔንና የጓደኛዬን የአማርኛ ሹክሹክታም ከለከሉ። የተረፈችን «አብሽር» ብቻ ናት፤ ትርጉሟን ከሰሙ በኋላ ራሳቸው ይሏት ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ሠንጠረዡን ብቻ ማመን ተውኩ። ከመነሻው ግማሽ ሰዓት ቀድመን አንድ ቡይ አጠገብ እንቆምና በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ነገር፣ አረፋም ቅጠልም ቢሆን፣ ቡዩን አልፎ የጀልባዋን ርዝመት ያህል እስኪርቅ ሰከንድ እቆጥራለሁ። ዘጠኝ ሜትሩን በዘጠኝ ሰከንድ ከሄደ ፍሰቱ በሰዓት ሁለት የባሕር ማይል ያህል ነው፤ አሥራ ስምንት ሰከንድ ከፈጀ አንድ ነው። ይህን ቁጥር በእርሳስ ወለሉ ላይ እጽፈዋለሁ። በመነሻው መስመር ላይም የሚጠቅመው ይኸው ነው፦ ውሃው ወደ መስመሩ የሚገፋህ ከሆነ ራቅ ብለህ ትጠብቃለህ፣ ምክንያቱም ምልክቱ ሳይሰማ ያለፈ ጀልባ ተመልሶ መነሣት አለበት፤ ከመስመሩ የሚገፋህ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ ተጠግተህ ትቆማለህ።

ፍሰቱ ሲቃወምህ ዋናው ብልሃት ወደ ዳር መጠጋት ነው። ይህን ለልጆቹ በቃል ለማስረዳት ሞክሬ ሳልችል ስቀር ነሐሴ ላይ ቦርከና ወረድን። በሰበሰብነው የበቆሎ አገዳ አንዱን መሐል፣ አንዱን ከዳር ጣልን። የመሐሉ ወዲያው ከዓይን ጠፋ፤ የዳሩ ድንጋይና ሣር እየታከከ አዘገመ። ሦስተኛውን ወደ ወንዙ ከገባ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ብንጥለው አንደኛው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ ወደ ላይ እየተመለሰ ነው!» ብሎ ጮኸ። ባሕር ላይም ነገሩ እንደዚያው ነው፤ ጥልቀት በሌለበት ዳር ውሃው በወለሉ እየታሸ ይደክማል፣ ከምድር ጉጥ ጀርባም ወደ ኋላ የሚዞር ሽክርክሪት ይፈጠራል፤ አብዛኛውን ጊዜም አቅጣጫውን ቀድሞ የሚለውጠው የዳሩ ውሃ ነው።

ዳር መጠጋት ግን የራሱ ጣጣ አለው። ከጀልባችን ሥር ያለው ክንፍ (ኪል) 1.8 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። እኔ የጥልቀት መለኪያውን እያየሁ «አራት፣ ሦስት ተኩል፣ ሦስት» እላለሁ፤ «ሁለት ተኩል» ስል ወዲያው እናዞራለን። ባሕሩ እየሞላ ከሆነ ወለሉን ብትነካ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ያነሣሃል፤ እየጎደለ ከሆነ ግን ዘንበል ብለህ ለሰዓታት ተቀምጠህ የሌሎቹን ጀርባ ታያለህ፤ ስለዚህ በጉድለት ጊዜ የምናዞረው ሦስት ሜትር ላይ ነበር። በእያንዳንዱ መዞር ፍጥነት ይባክናል፤ ስለዚህ ዳሩን በጣም ታክኮ ቶሎ ቶሎ ከማዞር፣ ትንሽ ፍሰት ተቀብሎ ረዘም አድርጎ መሄድ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሕጉ ደግሞ ወደ ምድር የተጠጋ ጀልባ ለመዞር ቦታ እንዲሰጠው ጮኾ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ከጎኑ ያለውም ቦታ መልቀቅ ግዴታው ነው። እኛ በይሉኝታ ዘግይተን እየጮህን ሁለት ጊዜ ከድንጋዩ ለጥቂት ተርፈናል። ይሉኝታ ለጎረቤት ነው፤ ለድንጋይ አይሆንም።

የዞሪያው ምልክት ላይ የሠራነውን ስህተት ማስረዘም አልፈልግም። ውሃው ወደ ኋላ እየገፋን «ይበቃናል» ብለን ቀድመን አዞርን፤ ልናልፈው ጥቂት ሲቀረን ተገፍተን ቡዩን ነካነው፤ ቅጣቱን አንድ ሙሉ ዙር ስንዞር ፍሰቱ ይዞን ሄደ።

መልሕቁን የጣልነው በሁለተኛው ወቅት፣ ነፋሱ ከምዕራብ በሚነፍስበት አንድ ምሽት ነው። ውሃው ከነፋሱ ጋር ወደ ምሥራቅ ይሄድ ነበር፤ እኛ ደግሞ ወደ ምዕራብ ነን። ነፋሱ እየደከመ ሄዶ ሸራው ተንጠለጠለ። እኔ በዳሩ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ግንብ ከፊቱ ካለው ዛፍ ጋር አስተካክዬ እያየሁ ነበር፤ ግንቡ ከዛፉ ጀርባ ቀስ ብሎ ሲሸሸግ ወደ ኋላ መሄዳችን ታወቀኝ፤ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ካፒቴኑ በሹክሹክታ «መልሕቅ» አሉ። በውድድር ሞተር ክልክል ነው፤ መልሕቅ ግን መልሰህ እስካነሣኸው ድረስ ይፈቀዳል። ጓደኛዬ ሌሎቹ ጀልባዎች ከማያዩት ጎን፣ ውሃው ሳይንቦጫረቅ፣ በእጁ ቀስ እያለ አወረደው፤ ጥልቀቱ አምስት ሜትር፣ የለቀቅነው ገመድ ሃያ ሜትር ያህል ነበር። ሸራችንን አላወረድንም፤ የሚሄድ ሰው መስለን ቁጭ አልን። ከፊታችን የነበሩት ጀልባዎች ሸራቸውን እያስተካከሉ፣ እየታገሉ፣ አንድ በአንድ ወደ ኋላ አለፉን። በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሰባቱን ቆመን ቀደምናቸው።

ከዚያ ያላሰብኩት ነገር መጣ። በምሰሶው ላይ ያለችው ጨርቅ መወዛወዝ ስትጀምር «ነፋስ መጣ» ብለን መልሕቁን አነሣን፤ በተነሣን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነፋሱ ጠፋ። ነፋሱ አልመጣም ነበር። ታስረን ስንቆም ከባሕሩ በላይ ያለውን አራት ማይል ነፋስ በሙሉ ነበር የምናገኘው፤ ተለቅቀን ከውሃው ጋር ስንሄድ ግን ውሃው በሁለት ስለሚወስደን የሚደርሰን የቀረው ሁለት ብቻ ነው። መልሕቅ ላይ ሳለን የጀልባዋ የፍጥነት መለኪያ 1.9 ያሳይ ነበር፤ እሱ የእኛ ፍጥነት ሳይሆን የውሃው ነው። ማየት የነበረብኝ ጨርቋን ሳይሆን፣ ከነፋሱ ላይ ያ ቁጥር ተቀንሶ የሚቀረው ጀልባዋን ከ1.9 በላይ ሊያስኬዳት መቻል አለመቻሉን ነበር።

መልሰን ጣልን። በሁለተኛው ማንሣት ጊዜ ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ገመዱ ግን አልነበረም። መጀመሪያ በችኮላ ስናነሣው ጭቃና የባሕር ሣር እንደያዘ ከእግራችን ሥር ከምረነው ስለነበር ተተብትቦ፣ ከሸራው ገመድ ጋር ተቋለፈ። ጓደኛዬ በርከክ ብሎ ቋጠሮውን ሲፈታ፣ ከኋላ መልሕቅ ጥለው የነበሩ ሁለት ጀልባዎች አለፉን፤ ሦስተኛ ወጣን። ከዚያ ምሽት ጀምሮ የመልሕቁ ገመድ ከመነሻው በፊት፣ ነፋስ ኖረም አልኖረም፣ በባልዲ ውስጥ እየተጠቀለለ ይቀመጥ ነበር፤ የባልዲው ኃላፊነትም ለእኔ ተሰጠኝ።