የንጉሡ ወንበርና የ2010ሩ ዋንጫ

ጅሬን ኮረብታ ላይ ወዳለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በባጃጅ ወጣሁ። ከጅማ ከተማ ብዙም አይርቅም። አስጎብኚው የእንጨቱን ሰገነት እያሳየን፣ ንጉሡ እዚያ ላይ ተቀምጠው ከታች በግቢው የሚካሄደውን ትግልና ጨዋታ ይመለከቱ እንደነበር ነገረን። ጅማ ለውድድር እልል ማለት የጀመረችው ከኳስ በፊት ነው ማለት ነው፤ ይህን መስማቴ ደስ አሰኘኝ።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ውስጥ ወዳለው ሙዚየም ወረድኩ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870 ዓ.ም. ነግሠው ከ50 ዓመት በላይ ገዝተዋል፤ የተገለገሉባቸው ዕቃዎች እዚህ ተቀምጠዋል። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ ፊት ብዙ ቆየሁ። የእንጨት ጠራቢዎቹ እጅ ያስደንቃል። ሐሳቤ ግን ደጋግሞ ወደ ሌላ ነገር ይሄድ ነበር፦ የንጉሡን ስም የያዘው የእግር ኳስ ክለብ ወዳነሳው የሊግ ዋንጫ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቡድኑ ጅማ ከተማ ይባል በነበረበት በ2009 ዓ.ም. ከሁለተኛው እርከን ከከፍተኛ ሊግ ወደ ዋናው ፕሪምየር ሊግ አደገ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2010፣ ጅማ አባ ጅፋር ተብሎ ሲመጣ የጠበቀው ቅዱስ ጊዮርጊስ 4 ጊዜ በተከታታይ ዋንጫ ወስዶ ለ5ኛ ይገሰግስ ነበር። አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ናቸው፤ ፊት ላይ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ አለ፤ በዚያ ዓመት 23 ግብ አስቆጥሮ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በመጨረሻው ሳምንት ሁለቱ ክለቦች እኩል ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ጅማ ግን አዳማ ከተማን 5 ለ 0 አሸንፎ ስለነበር በግብ ክፍያ (ባገባውና በገባበት ግብ ልዩነት) በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ባደገ በመጀመሪያ ዓመቱ!

ማምሻውን ቡና የጠጣሁበት ቤት አንድ አዛውንት ስለዚያ ቀን ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ሜዳ ነበሩ?»

«የት ልሆን ልጄ? አምስተኛዋ ስትገባ የማላውቀውን ሰው አቅፌ አለቀስኩ።»

ዋንጫው ከአባ ጅፋር ወንበር አጠገብ ቢቀመጥስ ስላቸው ወዲያው ተስማሙ። «ልጆቹ ይዩት እንጂ! ዛሬ ሜዳ የሚጫወቱት ያኔ ጨቅላ ነበሩ» አሉኝ። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ዋንጫ የሚመለከተው ካላገኘ ብረት ሆኖ ይቀራል፤ ሙዚየም ደግሞ የንጉሥ ብቻ ሳይሆን ካታንጋ ከሚባለው የስታዲየም ተራ መቀመጫ ሆኖ የጮኸው ሕዝብም ቤት ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧል። ገብረመድኅን በማግስቱ ዓመት መቐለ 70 እንደርታን ሻምፒዮን አደረጉ። ጅማም በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ። አዛውንቱ ስለ መውረዱ ማውራት አልፈለጉም፤ ወሬውን ወደ አፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ መለሱት። በመጀመሪያው ጨዋታ በግብፁ አል አህሊ 2 ለ 0 የተሸነፈው ቡድናቸው በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 መርታቱን፣ ግቧ እንዴት እንደገባች ሲኒውን እንደ ተከላካይ እያንቀሳቀሱ አሳዩኝ።