ከቀሩት ሩቡ

በድሬዳዋ ሙቀት ቀትር ላይ ሒሳብ ማስጠናት አይሞከርም። ስለዚህ አምስተኛ ክፍል ከሆነችው የእህቴ ልጅ ጋር የተቀመጥነው ጀምበር ካዘቀዘቀች በኋላ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በረንዳችን ላይ ነበር። ጥያቄው «ሜዳ ላይ 24 ልጆች አሉ። 1/3ኛው ኳስ ይጫወታሉ። ከቀሩት 1/4ኛው ገመድ ይዘላሉ። ሌሎቹ ተቀምጠዋል። የተቀመጡት ስንት ናቸው?» ይላል።

በሒሳብ ሠራተኛነት እንጀራ የምበላው እኔ፣ ያለ ምንም ማመንታት 1/3ን ከ1/4 ደመርኩ፤ 7/12። የ24 ልጆች 7/12ኛ 14 ነው፤ 10 ተቀመጡ።

በማግስቱ ደብተሯ ላይ ቀይ ኤክስ ይዛ መጣች። «አጎቴ፣ የተሳሳትከው አንተ ነህ!» በእኛ ከተማ አንቱታ እምብዛም ነው።

የባቢሌ ኦቾሎኒ ፈልፍለን 24 ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ደረደርን። ሩብን ከሩብ ኪሎ ታውቀዋለች፤ ሲሶን ግን ያን ቀን ከእኔ ሰማችው። ሲሶ ለማውጣት ሦስት ረድፍ ሠራች፤ ስምንት ስምንት። አንዱን ረድፍ «ኳስ ሜዳ» ብላ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋችው። 16 ቀሩ። «ሩቡ የማን ሩብ ነው?» አልኳት። ዓረፍተ ነገሩን በጣቷ እየተከተለች ድጋሚ አነበበችና «የቀሩት» አለች። 16ን አራት ቦታ ከፈለች፤ ገመድ ዘላዮቹ 4፣ የተቀመጡት 12።

የእኔ ስህተት ያኔ ፍንትው አለ። የ24ን ሩብ ወስጄ 6 ሳደርግ፣ ትርፎቹ ሁለቱ የኳስ ተጫዋቾቹ ሩብ ነበሩ። ኳስ እየተጫወቱ ገመድም አዘለልኳቸው! ከዚያ ወዲህ ቁጥር ከመንካታችን በፊት «የማን?» ብለን እንጠይቃለን።

ቀጣዩ ጥያቄ የባሰ ነበር፦ ሲሶው ወደ ቤት ሄደው 10 ልጆች ቀሩ፤ መጀመሪያ ስንት ነበሩ? የ10ን ሲሶ ልታወጣ ሞከረችና ሦስት ከሽራፊ ሲደርስባት ራሷ ሳቀች። ልጅ አይሸረፍም። አሥሩን ፍሬ በሁለት ረድፍ አስደረደርኳት፤ የቀረው ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ነውና። እያንዳንዱ ረድፍ 5 ሆነ። የሄደውን ረድፍ መልሳ ጎን ላይ ስታስቀምጥ «15» አለች።

እኔ ስቆጥር 14 ነው። ቀና ብዬ አየኋት፤ ጉንጯ ይንቀሳቀሳል።

«እሱ ልጅ ውኃ ሊጠጣ ሄዷል» አለችኝ።