በረሃብ ዓመት የተሳለ ሐብሐብ

ሴንት ፒተርስበርግ የገባሁት ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ሻንጣዬን ሆቴል ጥዬ በእርጥብ በረዶ ላይ እየተንሸራተትሁ ወደ ሩሲያ ሙዚየም ገሠገሥሁ። በሩ ዝግ ነው። ማክሰኞ እንደማይከፈት ሳያጣራ የመጣ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ደጃፉ ላይ ከርግቦች በቀር ማንም አልነበረም። ፊት ለፊት ባለው አደባባይ የሩሲያው ባለቅኔ የፑሽኪን ሐውልት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። “ዘመዴ” ልለው ቃጣኝ። የቅድመ አያቱ የአብርሃም ሃኒባል የትውልድ አገር ኢትዮጵያ ናት ወይስ ካሜሩን የሚለው ክርክር ግን ገና አላለቀምና፣ እጅ ነሥቼው ብቻ አለፍሁ።

ረቡዕ ተመልሼ ሄድሁ። የመጣሁት ለአንድ ሥዕል ነው፤ ቦሪስ ኩስቶዲየቭ እ.ኤ.አ. በ1918 ለሳለው “ሻይ የምትጠጣ የነጋዴ ሚስት”። ወርዱም ቁመቱም 120 ሴንቲሜትር ነው። በመጽሐፍ ላይ ሳየው ፈገግ ያሰኘኝ ነበር፤ ሴትዮዋ ከመጠን በላይ ደልቷታል። ፊት ለፊቱ ስቆም ግን ሳቁ ጠፋ።

ሰገነት ላይ ተቀምጣለች። ሐምራዊ የሐር ቀሚሷ ትከሻዋን ገልጦታል፤ ያንን ነጭ ትከሻ አንድ ዥንጉርጉር ድመት ጀርባውን ቆልምሞ ይታከከዋል። ሳሞቫሩ፣ ሩሲያውያን የሻይ ውኃ የሚያፈሉበት ዕቃ፣ ያብረቀርቃል። ከኋላ የከተማው ጣሪያዎችና የአብያተ ክርስቲያናት ጉልላቶች በምሽት ብርሃን ይታያሉ። ሻይዋን የምትጠጣው ከስኒው ሳይሆን ከማስቀመጫው ነው፤ ከሥሩ በጣቶቿ ጫፍ ደግፋ ወደ አፏ ታስጠጋዋለች። አያቴም ትኩስ ሻይ ማስቀመጫ ላይ ገልብጣ፣ እፍ እፍ ብላ ነበር የምትጠጣው። እኛ ልጆቹ እንደ እርሷ ስናደርግ “ነውር ነው!” እንባል ነበር።

ድመቱ የምቾትና የስንፍና፣ ሳሞቫሩ የሞላ ቤት፣ ፍራፍሬው የጥጋብ ምልክት ነው ሲባል አንብቤያለሁ። ይሁን። እንዲህ ያለውን ፍቺ ግን ማንም ቁጭ ብሎ ሊደረድረው ይችላል። እኔን የያዘኝ ዓመተ ምሕረቱ ነው። በ1918 የዚህች ከተማ ነዋሪ በራሽን ዳቦ ይጠብቅ ነበር፤ የቀን ድርሻው 50 ግራም ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ በኅዳር 1917 የወጣው አዋጅ የመደብ ማዕረጎችን ሁሉ ስለ ሻረ፣ “ነጋዴ” የሚባለው መደብ ራሱ በሕግ ፊት ቀርቶ ነበር። ኩስቶዲየቭ የሳላት እንግዲህ በአዋጅ የተሰረዘች ሴት ናት። እርሱም ከአከርካሪ ዕጢው የተነሣ በ1916 ከተደረገለት ቀዶ ሕክምና ወዲህ እግሮቹ አልታዘዙለትም፤ የሚሠራው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ነው።

ሞዴል የሆነችለት ጋሊና አዴርካስ የምትባል የሕክምና ተማሪ ስትሆን ጎረቤቱ ነበረች። የዘር ሐረጓ ከባሮኖች፣ ከመኳንንት ወገን፣ ይመዘዛል ይባላል፤ ከነጋዴ ቤት ጋር የሚያገናኛት ነገር የለም። የሚያስተሳስራቸው ሁለቱም የአስትራካን ልጆች መሆናቸው ነው። አስትራካን፣ ቮልጋ ወንዝ ካስፒያን ባሕር ሊገባ ሲል ያለችው ከተማ፣ ሐብሐቧ በመላው ሩሲያ የታወቀ ነው። ኩስቶዲየቭ በ1878 እዚያ ተወለደ። መምህር የነበረው አባቱ እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ፤ እናቱ ልጆቿን ይዛ በአንድ ሀብታም ነጋዴ ግቢ ትንሽ ቤት ተከራየች። የነጋዴዎቹን ማዕድ ልጁ ያየው እንደ ተከራይ፣ ከግቢው ማዶ ነው።

ይህን እያሰብሁ እንደገና ጠረጴዛውን አየሁት። ወይኑ፣ ፖሙ፣ ዳቦው፣ ጥቁር ፍሬዎቹ በቀይ ሥጋው ላይ የፈሰሱት ሐብሐብ፣ ሁሉም የተደረደረው በእኛ በተመልካቾቹ በኩል ነው። ሴትዮዋ ወደ ምግቡ አትመለከትም፤ ዐይኗ ሌላ ቦታ ነው። የጠረጴዛው ጠርዝም አይታይም፤ ክፈፉ ቆርጦታል። ስለዚህ የሚያየው ሰው ቆሞ አይደለም፣ ማዕዱ ላይ ተቀምጧል። ያ የተከራይ ልጅ፣ አርባ ዓመት ሲሞላው፣ ዳቦ በጠፋበት ከተማ፣ በመጨረሻ ለራሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ ልበል? እኔ እንደዚያ አየሁት። የሥነ ጥበብ ምሁር ይቆጣኝ እንደሆነ ይቆጣኝ።

ጥግ ላይ ወንበር ይዘው የተቀመጡ አሮጊት ጠባቂ ብዙ መቆሜን አይተው ተነሡ። “ማላዶይ ቼላቬክ” አሉኝ፤ ወጣቱ ማለታቸው ነው፣ ሃምሳ ዓመት ለሞላኝ ሰው! የተቆጡ መስሎኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እርሳቸው ግን ጣታቸውን ከሸራው ራቅ አድርገው ሥዕሉ ውስጥ ከኋላ በርቀት የሚታየውን ስፍራ አመለከቱኝ፤ ከሴትዮዋ ማዶ፣ በሌላ ሰገነት ላይ፣ በጥቂት የብሩሽ ጠብታ የተሠሩ ሰዎች እነርሱም ሻይ ይጠጣሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ አላየኋቸውም ነበር።

ማታ በሆቴሉ ምግብ ቤት ሻይ አዘዝሁ። ግራና ቀኝ ቃኝቼ፣ የሚያየኝ እንደሌለ ሳረጋግጥ፣ ማስቀመጫው ላይ ገለበጥሁትና በጣቶቼ ጫፍ አነሣሁት። የዛሬ ማስቀመጫ ጠፍጣፋ ነው። ግማሹ የጠረጴዛው ልብስ ላይ፣ ግማሹ እጅጌዬ ውስጥ ገባ።