በጥቁር አፈር ላይ የዝናብ ውሃ የሚያሰርግ አትክልት ቦታ ከጎረቤት ጋር መሥራት

አዲስ አበባ ላይ ሐምሌና ነሐሴ የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ውሃ ከአሸንዳ ወርዶ ኮብልስቶኑን ይሸረሽራል፤ ፌስታል የዘጋውን ቦይም ያስገነፍላል። ከብሎካችን ነዋሪዎች ጋር ግቢው ውስጥ ያበጀነው አትክልት ቦታ ይህን ውሃ ይዞ፣ አጣርቶ፣ ቀስ እያለ ይለቃል።

ሰው ከመጥራታችን በፊት አፈሩን ፈተንን። 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላት ነው። ጥቁር አፈር ግን በበጋ ስለሚሰነጣጠቅ የመጀመሪያውን ውሃ ወዲያው ይጠጣና ያታልላል፤ ክረምት ሲገባ አብጦ ይዘጋል። ስለዚህ አፈሩ እስኪርስ ደጋግሞ ሞልቶ የመጨረሻውን መለካት ያስፈልጋል። በሰዓት 1 ሳንቲ ሜትር እንኳ ካልወረደ ከሥር ውሃ የሚያስወጣ ቱቦ ግድ ነው። የኛም እንደዚያ ነበር።

የአትክልት ቦታውን ስፋት የሚወስነው ጣሪያው ነው። 150 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3.75 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ጥቂቱ ጣሪያው ላይ ስለሚቀር ወደ 3.5 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል። 3 በ6 ሜትር ሆኖ 20 ሳንቲ ሜትር ውሃ የሚያቁር ቦታ ይህን ይይዛል። ከቤት መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ጥቁር አፈር ሲያብጥ መሠረት ያነሣልና።

ቁፋሮው 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከሰኔ በፊት፣ አፈሩ አካፋ ላይ ሳይጣበቅ። ታች 20 ሳንቲ ሜትር 02 የሚባለው ሸካራ ጠጠር፣ በውስጡ የተበሳሳ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ በየሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር እያዘቀዘቀ ወደ ቦዩ ይሄዳል። ጠጠሩ ላይ ስስ ደቃቅ ጠጠር፣ ከዚያ 40 ሳንቲ ሜትር ድብልቅ፦ 3 ባልዲ የታጠበ አሸዋ፣ 1 ባልዲ ቀይ አፈር፣ 1 ባልዲ የበሰለ ኮምፖስት። የተቆፈረውን ጥቁር አፈር ለማትረፍ ብሎ መቀላቀል ሥራውን ሁሉ ያበላሻል፤ ማስረጉ ይቀራል። ወጥቶ የሚከመረው አፈር መጠኑ ከጉድጓዱ ስለሚበልጥ መድፊያው አስቀድሞ ይታወቅ።

በጎ ፈቃደኞቹን ቆፋሪ፣ ባሬላ ተሸካሚና ደባላቂ ብለን ከፈልን። አንድ ሰው ሥራው ልክ መያዝ ብቻ ይሁን። ድብልቁን ማንም አይርገጠው፤ የተረገጠ አፈር ውሃ አያሳልፍም። ሳንቃ ዘርግቶ መቆም ይቻላል።

ትልቁ ቁም ነገር መግቢያና መውጫው ነው። መግቢያው ላይ ድንጋይ የተደረደረባት ትንሽ ጉድጓድ ደለልና ፕላስቲክ ትይዛለች። መውጫው 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በድንጋይ የተነጠፈ፣ ውሃውን ለማቆር ዙሪያውን ከሚሠራው ግድብ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ይሁን። የግድቡ ከፍታ ዙሪያውን እኩል እንዲሆን ውሃ በተሞላ የላስቲክ ቱቦ ልክ ያዙት፤ በዓይን የታየ ልክ አንድ ጥግ ላይ ዝቅ ካለ ውሃው እዚያው ቆርጦ ይወጣል።

ለተክል ክረምት ውሃ፣ በጋ ድርቅ የሚችል ይመረጥ። ዳሩ ላይ ቬቲቨር የሚባለውን ሣር በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ተከልን። ቄጠማ ወለሉ ላይ ያምራል፤ በጋ ግን ውሃ ማጠጣት ይፈልጋል። ጭድ አታልብሱት፤ ተንሳፍፎ መውጫውን ይዘጋል። ጎመንም አይተከልበት፤ ውሃው የጣሪያና የመንገድ እጣቢ ነው።

ዝናብ ካቆመ ከ48 ሰዓት በኋላ ውሃ ከተኛበት መጀመሪያ መግቢያውን ጥረጉ፣ ቀጥሎ ላዩ ላይ የጋገረውን ደለል ፍቁ፣ ካልሆነ የቱቦውን አፍ እዩ።