ባልዲ ክሮሞዞም አይጨምርም

ድሬ ላይ አንዲት ሴት ካስወረዳት ሰፈሩ ምክንያቱን ለማግኘት ከአንድ ስኒ ቡና በላይ አይፈጅበትም። ባልዲ ተሸክማ ነው፣ ፀሐይ ላይ ውላ ነው፣ ሐረር ስትመላለስ የደንገጎ ዳገት አንገላቷት ነው። ስለ ባልየው ማንም አያነሳም። ስለ ፅንሱ ራሱማ ጭራሽ! አቦ፣ ተዉአት እንጂ።

አይጦች ላይ የተሠራውን ምርምር ካነበብኩ ወዲህ ደግሞ ይብሱን ያናድደኛል። አይጥ የምታረግዘው 20 ቀን ገደማ ነው። ፅንሷ ማህፀኗ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ቢሞት አብዛኛውን ጊዜ አይወርድም፤ እዚያው ማህፀኗ ውስጥ ይመጠጥና ቦታው ላይ ምልክት ይቀራል። ስለዚህ ስንቱ ተጣብቆ ስንቱ እንደጠፋ መቁጠር ይቻላል።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ግን መቁጠር አይበቃም፤ ፅንሱን ከአንዷ አውጥቶ ሌላዋ ማህፀን ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ተመራማሪዎቹ አን ማክላረንና ጆን ቢገርስ እ.ኤ.አ. በ1958 ብልቃጥ ውስጥ ያቆዩትን ፅንስ እንዲህ አዛውረው ጤነኛ አይጦች አስወልደዋል። የትም ቢገባ የሚሞት ከሆነ ችግሩ ከፅንሱ ነው፤ አንዷ ጋ ብቻ የሚሞት ከሆነ ከማህፀኗ።

ከሁሉም የገረመኝ ዲዲኬ የሚባለው የአይጥ ዘር ነው። ሴቷ ከሌላ ዘር ወንድ ስታረግዝ አብዛኞቹ ፅንሶች ገና ማህፀን ላይ ሳይጣበቁ ይሞታሉ፣ ከራሷ ዘር ወንድ ግን ደህና ትወልዳለች፣ ገልብጠው የዲዲኬን ወንድ ከሌላ ዘር ሴት ጋር ቢያገናኙትም ምንም አይፈጠርም። ማህፀኗ ምንም አላጠፋም። እንቁላሏ ውስጥ ያለ ነገር ከአባት ከመጣው ዘረመል ጋር አልስማማ ብሎ ነው።

እናትየዋ በኩል የሚመጣም አለ፣ አልክድም። ተመራማሪዋ ሂልዳ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳሳየችው፣ ገና ያረገዘች አይጥ የማታውቀውን ወንድ ብታሸት እርግዝናው ሊቋረጥ ይችላል። (ይሄን ለአማቶች ባንነግር ይሻላል።)

ሰው አይጥ አይደለም። ግን በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከሚጨነግፉት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ የክሮሞዞም (ዘረመል የተሸከሙት የሴል ክሮች) ቁጥራቸው የተዛባ ነው፤ ባልዲ መሸከም ደግሞ ክሮሞዞም አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሾተላይም ቢሆን የሁለት ሰው ጉዳይ ነው፦ የእናት የደም ዓይነት አርኤች ኔጌቲቭ ሆኖ ልጁ ከአባቱ ፖዘቲቭ ሲወርስ፣ ሰውነቷ የሚያመርተው መከላከያ በተለይ የሚቀጥሉትን ልጆች ደም ያጠቃል። ለዚህ መርፌ አለው፤ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ እናትየዋን ይወጓታል። እና ለእርግዝና ክትትል ስትሄዱ የደም ዓይነት ይታይ፣ የእሷም የእሱም።