የዲፍረንሻል ክዳን ሲቀየር፦ ከብረቱ ውፍረት በፊት የዘይቱ ልክ

ዲፍረንሻል የሞተሩን ኃይል በአክስሉ ላይ ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው የጊርሶች ስብስብ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ክዳኑ ብዙውን ጊዜ ስስ ላሜራ ነው። ድንጋይ ሲመታው ወደ ውስጥ ይጎደጉድና ከኮሮናው (ከትልቁ ክብ ጊርስ) ጥርስ ጋር ይፋተጋል፤ አለዚያም የታችኛው ጠርዙ ተነስቶ ዘይቱን ይለቃል። ወፍራም ክዳን ይህን ይከላከላል። ዘይቱ በትክክለኛው ልክ ካልተሞላ ግን ያው ጠንካራ ክዳን ኩሽኔታ ያስበላል።

ከመግዛት በፊት ከመኪናው ስር ገብቶ ማየት ነው። በብዙዎቹ ሃይሉክስና ላንድክሩዘሮች የኋላ አክስል ላይ ኮሮናና ፒኞኑ (ኮሮናውን የሚያዞረው ትንሹ ጊርስ) የሚወጡት በፊት በኩል ስለሆነ ከኋላ የሚፈታ ክዳን የለም፤ ለእነሱ የሚሆነው የሚበየድ መከላከያ ነው። እንደ ዳና 44 ባሉት አክስሎች ላይ ግን ክዳኑ በ10 ቡሎን ይታሰራል።

መጀመሪያ የሚፈታው የዘይት መሙያው ታፖ ነው። እሱ አልፈታም ካለ ዘይቱን አፍስሶ መሙላት ከማይቻልበት መኪና ጋር መቅረት ይመጣል። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ዘይቱ ሳይፈስ፣ የፋብሪካው መሙያ ቀዳዳ የታች ጠርዝ ከአክስሉ ቱቦ አንጻር የት እንደሚውል በቀለም ምልክት ይደረግ። ይህን ምልክት አትዝለሉት፤ በኋላ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

አዲሱ ክዳን መጀመሪያ ያለ ሲልከን (ዘይት እንዳያልፍ ጠርዙ ላይ የሚቀባው ማሸጊያ) ይሞከራል። ከውስጡ ለስላሳ ሸክላ ለጥፎ በጥቂት ቡሎኖች ካሰሩ በኋላ ጎማውን ማዞር፣ ከዚያ ፈትቶ ሸክላው የሳሳበትን ቦታ መለካት ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ክዳኑ ለዚያ ዲፍረንሻል አይሆንም። የፊት አክስል ከሆነ መሪው እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ዞሮ ዘንጉ ክዳኑን እንዳይነካ ይታያል።

ዘይት የሚያፈስ ክዳን አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ከታች በኩል ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ገጹ ከተጠረገ በኋላም በአክስሉ ቱቦዎች ውስጥ የቀረው ዘይት እየተንጠባጠበ የታችኛውን ጠርዝ መልሶ ያረጥባል። ስለዚህ አሮጌው ሲልከን ሲፋቅ ጊርሶቹን በጨርቅ ይሸፍኑ፣ ዘይቱ እስኪያቆም ይታገሱ፣ ሲልከኑ ሊቀባ ሲል ጠርዙን በፍሬን ማጽጃ እንደገና ይጥረጉ። ነጭ ጨርቅ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ገጹ ደርሷል። የቡሎን ቀዳዳዎቹም ይድረቁ፤ ዝግ ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ዘይት ቡሎኑን የጠበቀ ያስመስለዋል። ሲልከኑ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ወፍሮ ሳይቆራረጥ በቡሎን ቀዳዳዎቹ የውስጥ በኩል ይዞራል።

ወፍራም ክዳን ረዘም ያለ ቡሎን ይፈልጋል። 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን ቢያንስ 12 ሚሊ ሜትር ወደ ጥርሱ ይግባ፤ በጣም ረዝሞ የቀዳዳውን መጨረሻ ከነካ ግን ቡሎኑ ጠብቆ ክዳኑ ላላ ይቀራል። አጠባበቁ በመስቀል ነው፣ በሁለት ዙር። በብዙ ጂፖች ላይ የማጥበቂያው ልክ 40 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፤ ክዳኑ አልሙኒየም ከሆነ አምራቹ የሰጠውን ልክ ይያዙ።

አሁን ወደ ምልክቱ። ጥልቅ ክዳን የበለጠ ዘይት ስለሚይዝ በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው የሊትር ቁጥር አይሠራም፤ የሚሞላው እስከ ምልክቱ ከፍታ ነው። የአዲሱ ክዳን ቀዳዳ ከምልክቱ ዝቅ ካለ ዘይቱ ያንሳል፤ በተለይ ዳገት ላይ ዘይቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ የፒኞኑ ኩሽኔታ ይደርቃል። ከፍ ካለ ደግሞ ዘይቱ አረፋ ይሆንና በመተንፈሻው ወይም በፓራኦሊዮው (በዘንጉ ዙሪያ ዘይት የሚይዘው ጎማ) ወጥቶ ፍሬኑን ይነካል። የመኪናው ቁመት በሱስፔንሽን ከፍ ተደርጎ ፒኞኑ ወደ ላይ ከዞረ ቀዳዳው ይበልጥ ስለሚወርድ ምልክቱ ራሱም በቂ አይሆንም፤ ትንሽ ከፍ አድርጎ መሙላት ይገባል። ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚገድብ ዲፍረንሻል) ላለው አክስል አምራቹ የሚያዘው ተጨማሪ ፈሳሽም አይረሳ።

ሲልከኑ እንደ ዓይነቱ እስከ 24 ሰዓት ይደርቅ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ቡሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ መልሶ መፈተሽ፣ የታችኛውን ጠርዝም በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ማየት ነው።