እስክስታው ሲጀመር ምስሉ ለምን ይፈርሳል?

በወላጆቼ የሠርግ ቪዲዮ ላይ ሙሽሮቹ ተቀምጠው ሳለ ምስሉ ምንም አይልም። ከቪኤችኤስ ካሴት የተገለበጠ ነው፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግን ሰው ከሰው ይለያል። ጉዱ የሚፈላው ጭፈራው ሲጀመር ነው። ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሰባበራል። የአጎቴ ፊት ከኋላው ካለው መጋረጃ ጋር ይቀላቀላል። እማዬ ሳሎን ቁጭ ብላ «ይሄ ደግሞ ማነው? ፊቱን አጠፋኸውኮ!» ትላለች። ሰሞኑን ያገኘሁትን ሳልረሳው ልጻፈው።

ቪዲዮውን ሳሎን ወዳለው ቴሌቪዥን የሚልከው ቤት ያለኝ ሰርቨር ነው። ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠ። ጄሊፊን ጭኜበታለሁ። ጄሊፊን በ2018 መጨረሻ ላይ ኤምቢ የተባለው ፕሮግራም ኮዱን ለሕዝብ ማሳየት ሲያቆም ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ፣ የራስን ቪዲዮ ወደ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚልክ ነፃ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፕ መሆኑ ደግሞ አንድ ጥቅም አለው። መብራት ሲጠፋ ባትሪው በሥርዓት እስካጠፋው ድረስ ያቆየዋል። ራውተሩ ግን ወዲያው እልም ነው የሚለው።

ምስል ሲበላሽ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጥራት ማስተካከያው ነው። እዚያ 1080፣ 720፣ 480 እያለ ቁጥር ተደርድሯል። ትልቁን መምረጥ ያጓጓል። ግን ካሴቱ ወደ ዲቪዲ ሲገለበጥ ምስሉ 720 በ576 ሆኖ ነው የወጣው። 1080ን ብትመርጥ ከየትም የሚመጣ አዲስ ዝርዝር የለም። እዚያ ማውጫ ላይ ቁም ነገሩ ከጎን የተጻፈው ሜጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ የሚላከው የመረጃ መጠን ነው። እሱም ቢሆን ጣሪያ ነው። ቴሌቪዥኑ ሰርቨሩን «በሰከንድ ከዚህ በላይ አትላክልኝ» ይለዋል፣ በቃ። ፋይሉ ከጣሪያው በታች ከሆነና ቴሌቪዥኑ የተጨመቀበትን ኮዴክ (የመጨመቂያ ዘዴ) ካወቀው፣ ሰርቨሩ ፋይሉን እንዳለ ይልከዋል። ካልሆነ እዚያው ፈትቶ እንደገና እየጨመቀ ይልካል። ትራንስኮድ የሚሉት ይህንን ነው። ብዙው የጥራት ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ምንም ነገር ሳልነካ ቪዲዮውን ከፍቼ፣ ከማጫወቻው ማርሽ ውስጥ ስለ ማጫወቱ መረጃ የሚሰጠውን መስኮት አወጣሁ። እስከዛሬ ይህንን መስኮት ከፍቶ የሚያይ ሰው አላጋጠመኝም፣ ሁሉም ቀጥታ ጥራቱን ወደ ላይ መግፋት ነው። መስኮቱ ግን ሁሉንም ይናገራል። ትራንስኮድ እየተደረገ ነው ይላል። ምክንያቱንም ይጽፋል፦ የቪዲዮው ኮዴክ አይደገፍም። ዲቪዲው የተጨመቀው በኤምፔግ-2 ነው፣ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ላይ ያለው መተግበሪያ ደግሞ ኤምፔግ-2 አይቀበልም። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ። ሰርቨሩ እንደገና ጨምቆ የሚልከው በ1.5 ሜጋቢት ነው። ጥራቱ ኦቶ ላይ ስለሆነ ቴሌቪዥኑ የዋይፋዩን ፍጥነት ይለካል፤ በወፍራም ግድግዳ በኩል የሚደርሰው ሲግናል ደካማ ስለሆነ ጣሪያውን ዝቅ አድርጎታል።

አሁን እስክስታው ለምን እንደሚፈርስ ገባኝ። ቪዲዮ ማለት ፍሬም የሚባሉ ተከታታይ ምስሎች ናቸው፤ የሚጨመቀውም ከፍሬም ፍሬም ያልተለወጠውን ባለመድገም ነው። ሙሽሮቹ ተቀምጠው ሳለ መጋረጃው ያው ነው፣ ወንበሩ ያው ነው፣ ከንፈርና ዓይን ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ለዚያ 1.5 ሜጋቢት ይበቃል። እስክስታ ላይ ግን የማይንቀሳቀስ የለም። ትከሻው፣ ነጠላው፣ አጨብጫቢው፣ ካሜራውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ አብሮ የሚጨፍረው ካሜራማን ጭምር! ቢቱ አይበቃም፣ ስለዚህ ጨማቂው ዝርዝሩን ይጥልና አራት ማዕዘን ያስቀራል። በዚያ ላይ ካሴቱ ራሱ ያመጣው ነጠብጣብ አለ። ያ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ ለኛ ቆሻሻ ነው፤ ለጨማቂው ግን በየፍሬሙ የሚለወጥ ነገር ስለሆነ ቢቱን ይበላበታል።

የመጀመሪያው ማስተካከያ ቀላል ነበር። ቴሌቪዥኑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኘሁት፣ ለቤት ኔትወርክ ያለውን ጥራት ከኦቶ አውጥቼ 8 ሜጋቢት ላይ አስቀመጥኩት። የቴሌቪዥን የኬብል ቀዳዳ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋቢት ነው፤ ዲቪዲ ራሱ ቢበዛ 10 ሜጋቢት ገደማ ስለሆነ ይበቃዋል። አራት ማዕዘኖቹ ወዲያው ጠፉ። እማዬም ያ ሰውዬ አጎቴ መሆኑን አረጋገጠች።

ጭፈራው ግን አሁንም ልክ አልነበረም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል ከማለት ይቆራረጣል ማለት ይቀላል። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አንድ ፍሬም ላይ ሳቆመው ጉዳዩ ታየ። የሚንቀሳቀሰው ትከሻ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰንጥቋል። የድሮ ቴሌቪዥን ሙሉ ምስል በአንዴ አይስልም ነበር፤ አንዴ ጎዶሎ መስመሮቹን፣ ቀጥሎ ሙሉ መስመሮቹን ነው የሚስለው። እኛ አገር በነበረው ፓል ሥርዓት በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ይሳላል ማለት ነው። ሰርቨሩ ሁለት ሁለቱን ወደ አንድ ሲያመጣ በሰከንድ 25 ምስል ይቀራል፣ ግማሹ እንቅስቃሴ ይጠፋል። ለዜና አንባቢ ምንም አይደለም። ለእስክስታ ግን ሞት ነው። ጄሊፊን ውስጥ፣ የትራንስኮድ ገጹ ላይ፣ መስመሮቹን ሲያጋጥም የፍሬሙን ብዛት እጥፍ እንዲያደርግ የሚያዝ ምርጫ አለ። እሱን ሳበራው ትከሻው ወደ 50 ተመለሰ።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ግን አንድ ቪዲዮ በተከፈተ ቁጥር እንደገና መጨመቁ አልተዋጠልኝም። ስለዚህ ሌሊት ላይ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አንዴ ቴሌቪዥኑ ወደሚያውቀው ኮዴክ፣ ወደ ኤች.264 ቀየርኩት። መስመሮቹን እያንዳንዱን ግማሽ ምስል ሙሉ ምስል በሚያደርገው በቦብ ዘዴ፣ ፍሬሙን 50፣ የጥራት ቁጥሩን 18። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ያብጣል። ነጠብጣቡን የሚያጸዳውንም ለቀቅ አድርጌ ተጠቀምኩ። ጠበቅ ካደረጋችሁት የሰው ፊት ፕላስቲክ ይመስላል፣ አይጠቅምም። የዲቪዲውን ቅጂ ግን አልሰረዝኩም፤ እሱ ዋናው ነው። አሁን ሳሎን ውስጥ ስከፍተው መስኮቱ «ቀጥታ» ነው የሚለው፣ ላፕቶፑም እፎይ ብሏል።

የእህቴ ጉዳይ ሌላ ነው። እሷ ያለችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እንደ ሁሉም ሰው ጥራቱን ጫፍ ላይ አድርጋ ክቡ ሲሽከረከር ታያለች። «እኔ ጋ ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው» ትላለች፣ እውነቷን ነው። ግን ቪዲዮው የሚወጣው ከኛ ቤት ነው። የኛ መስመር ሲያወርድ ደህና ነው፣ ሲልክ ግን ጠባብ ነው። ከእሷ ጋር ከመከራከር በሰርቨሩ በኩል በተጠቃሚዋ ስም ላይ የ3 ሜጋቢት ገደብ አደረግኩ። ያኔ ከላይ ምንም ብትመርጥ ከዚያ አያልፍም። ለዚህ መጠን ላለው ምስል 3 ሜጋቢት አያንስም። አንድ ሰዓት ቢታይ 1.35 ጊጋባይት ነው፣ ጥቅል ለሚቆጥር ሰው ይህም ይታሰብበት። ደግነቱ እሷ ማታ ስታይ እዚህ ሌሊት ነው፣ መስመሩን የሚሻማት የለም።

ልጆቿ ግን ዘመዶቹን አያውቋቸውም። ስለዚህ ከእማዬ ጎን ተቀምጬ «ይቺ ማናት?» እያልኩ ስማቸውን በሰብታይትል ጻፍኩ። ይሄኛው ሥራ ከቴክኒኩ ይልቅ ጊዜ ወሰደ፣ ምክንያቱም እማዬ አንድን ሰው ስታስተዋውቅ ከነዘር ማንዘሩ ነው። ማን የማን ሚዜ እንደነበረ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ እንደመጣ። አንዳንዱን አልጻፍኩትም።

ስልክ ላይ አማርኛው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሳሎኑ ቴሌቪዥን ላይ ግን በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ተደረደረ፤ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለውም። መፍትሔው ሰርቨሩ ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሞ እንዲልክ ማድረግ ነው። ለዚያ ሰርቨሩ ላይ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ፎንት መጫን ያስፈልጋል። ግን ጽሑፍ ምስል ላይ ማተም ማለት እያንዳንዱን ፍሬም እንደገና መጨመቅ ማለት ነው፣ ወደ ትራንስኮድ ተመለስን። «ቀጥታ» የነበረው ቪዲዮ ሰብታይትል ሲከፈት ድንገት ከተበላሸባችሁ፣ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ።

ሳሎን ላይ ሰብታይትሉን አጠፋሁት። እማዬ እንደሆነ ሁሉንም በስም ታውቃቸዋለች።

የቀረኝ ሌላ ነገር አለ። ኤችኢቪሲ በሚባለው ኮዴክ የተጨመቁ፣ ቀለማቸው ባለ 10 ቢት የሆነ አዳዲስ ፊልሞች ትራንስኮድ ሲደረጉ ላፕቶፑን ያንገዳግዱታል። ፕሮሰሰሩ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ነው፣ እነዚህን በራሱ ቺፕ መፍታት የጀመረው 7ኛው ትውልድ ነው። ለዚህ ማስተካከያ የለውም፣ ብር ነው የሚፈልገው። እሱ ይቆይ። እህቴ አሁን የክርስትናዋን ካሴት ፈልግልኝ ብላለች፣ ካሴቱ አለ፣ የሚሠራ የቪኤችኤስ ማጫወቻ ያለው ሰው ካወቃችሁ ንገሩኝ።